ስምንተኛ ተማሪ ፍለጋ

ቨርሊን ስቲድሃም ማክሰኞ ጠዋት ወደ መስኮቴ የመጣችው ሰላምታ ሳትሰጥ ነው። ስልኳን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ያዘችልኝ።

«አንብበው» አለችኝ።

መልእክቱ ከዲኗ ቢሮ የተላከ ነው። በሰኞና ረቡዕ አመሻሽ የኬሚስትሪ ክፍል የተመዘገቡት ሰባት ብቻ ስለሆኑ፣ እስከሚቀጥለው ሰኞ ከቀኑ አሥር ሰዓት ድረስ ስምንት ካልሞሉ ክፍሉ ይዘጋል ይላል። ለሚፈጠረው መጉላላትም ይቅርታ ይጠይቃል።

«መጉላላት!» አለች። «እኔ መጉላላት የምለው ሳሙና ሲያልቅብኝ ነው።»

ቨርሊን አርባ አንድ ዓመቷ ነው። በአረጋውያን መጦሪያው የልብስ ማጠቢያ ክፍል አሥራ ስምንት ዓመት አንሶላ አጥባለች። የታጠበውን ይዛ ወደ ክፍሎቹ ስትገባ፣ የመተንፈሻ ሕክምና ባለሙያው የኦክስጅን ቱቦ ሲያስተካክል፣ ሰው ሲያረጋጋ፣ ደረት ሲያዳምጥ ታያለች። አንድ ቀን ይሄን ሥራ እኔም እችለዋለሁ ብላ ኮሌጃችን መጥታ ተመዘገበች። ወደ ሕክምናው ፕሮግራም ለመግባት ግን ኬሚስትሪ ማለፍ ግዴታ ነው፤ ኬሚስትሪ ደግሞ እኛ ዘንድ የሚሰጠው በዓመት አንድ ጊዜ፣ በመጸው ብቻ ነው።

የሷ ጭንቀት ግን በዚህ አያበቃም። እኔ የምሠራው በተማሪዎች ድጎማ ቢሮ ስለሆነ ገና መልእክቱን ሳነብ ገብቶኛል። የፌዴራል መንግሥቱ ድጎማ ለተቸገረ ተማሪ ነው የሚሰጠው፤ መጠኑ ግን በችግር ብቻ አይወሰንም። በአንድ ሴሚስተር አሥራ ሁለት ክሬዲት የያዘ ሰው ሙሉ ጊዜ ተማሪ ይባላል፤ የተመደበለትንም ሙሉውን ይወስዳል። ለሰው ሳስረዳ አሥራ ሁለት ቦታ እንደተቆረጠ የበቆሎ ዳቦ አስቡት እላለሁ፤ የያዛችሁት ክሬዲት ስንት ነው፣ ያን ያህል ቁራሽ ትወስዳላችሁ። ቨርሊን አሥራ ሁለት ይዛለች። ኬሚስትሪው አራት ነው። ከተዘጋ ከዳቦዋ ሲሶው ይሄዳል። እሷ ደግሞ ሙሉውን ተማምና የሥራ ቀኗን ከአምስት ወደ ሦስት ቀንሳለች። ሲሶው ከሄደ ወደ አምስት ቀን መመለሷ ነው፤ ወደ አምስት ከተመለሰች የቀሩትን ኮርሶች የምትማርበት ቀን የላትም።

«ዲኗ ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ?» አለች። «‹በምትኩ የተፈጥሮ ፎቶግራፍ ውሰጂ፤ አራት ክሬዲት ነው፤ አሥራ ሁለቱ ይሞላልሻል› አለችኝ።»

«አይሞላም» አልኳት። «ከፕሮግራምዎ ውጭ የሆነ ኮርስ ለድጎማው አይቆጠርም። ኮምፒውተሩ ላይ አሥራ ሁለት ይላል፤ ድጎማው ግን የሚያየው ስምንት ነው።»

«ቢቆጠርም አልወስደውም! የሸረሪት ድር ፎቶ ላነሳ ነው ሃያ ሁለት ማይል የምነዳው?» ስልኳን ኪሷ ከተተች። «ከዚህ ሁሉ የሸለቆ ሰው አንድ ሰው ነው የጠፋው? አንድ ሰው?»

«ኬሚስትሪ እኮ ነው፣ ቨርሊን።»

«ቢሆንስ! ሐሙስ እሳት አደጋ ቤት የቦሎቄ እራት አለ። አገሩ ሁሉ እዚያ ነው። አንተም ና፤ ስለ ድጎማው የሚጠይቀኝ ከመጣ ታስረዳልኛለህ።»

«እኔ እኮ ሥራዬ እዚህ መስኮት ላይ ነው።»

«መስኮትህን ይዘህ ና» አለችና ሄደች።

ሐሙስ ሄድኩ። ሁለቱን የእሳት አደጋ መኪኖች ወደ ውጭ አውጥተው በቦታቸው ረጃጅም ጠረጴዛ ዘርግተዋል። የቦሎቄው ድስት የጥምቀት ገንዳ ያክላል። የበጎ ፈቃድ እሳት አጥፊዎቹ ጓዳውን ይዘው ሽንኩርት ይከትፋሉ፣ ዳቦ ይቆርጣሉ፣ እርስ በርስ ይሰዳደባሉ። ቨርሊን ሁሉም እስኪቀመጥ ጠብቃ ጭልፋ አነሳችና ድስቱን ደበደበችው።

«ጆሮ ስጡኝ! አንድ ሰው እፈልጋለሁ!»

«ለጋብቻ ከሆነ እኔ አለሁ!» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ።

«አንተንማ ሞክሬሃለሁ፤ ቁጭ በል!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ዱዌን ነበር፤ የቀድሞ ባሏ።

ቨርሊን ሳቁ እስኪበርድ ቆይታ ነገሩን ነገረቻቸው። ሰባት ነን፣ ስምንተኛ ካላገኘን ክፍሉ ይዘጋል፣ ክፍሉ ከተዘጋ እኔም እዘጋለሁ አለች። አልለመነችም፤ ሰው ዕዳውን እንዲከፍል እንደምትጠይቅ ነበር የቆመችው።

«እኔ በወደድኩ» አለች ሕፃን ያቀፈች አንዲት ሴት። «ግን የሁለት ልጆች እናት ሙሉ ቀን ኮሌጅ ልዋል? ድጎማ ደግሞ ለሙሉ ጊዜ ተማሪ ብቻ ነው። እህቴ ለአንድ ኮርስ ልትመዘገብ ሄዳ ይሄን ስትሰማ ከደጅ ነው የተመለሰችው።»

አፌ ዳቦ ሞልቶት ነበር። ውጬ እስክናገር ድረስ ግን ከጓዳው በኩል ሌላ ድምፅ ቀደመኝ።

«ይፈነዳል ወይ?»

«ምኑ?» አለች ቨርሊን።

«ኬሚስትሪው ነዋ።»

«ካልተጠነቀቅክ ይፈነዳል፣ አጎቴ ሮስኮ።»

«እንግዲያው እኔን ጻፊኝ።»

ሮስኮ ታኬት ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ዘመድ ሆነ ባዳ፣ ሁሉም አጎቴ ነው የሚለው። ሠላሳ አራት ዓመት የከሰል መኪና ነድቷል፤ የእሳት አደጋ ጓዱንም አሥር ዓመት መርቷል። በኛ ኮሌጅ ከስልሳ አምስት ዓመት በላይ የሆነ ሰው ትርፍ ወንበር ካለ በነጻ ይማራል። ስለዚህ ነገሩ ያለቀ መሰለን። ሰዉ አጨበጨበ፤ አንዱም «አጎቴ፣ ዩኒፎርም ይገዛልህ?» አለው። የሴትየዋ ነገር በዚያው ተረሳ።

ዓርብ ጠዋት ሦስታችን ዲኗ ዘንድ ገባን። ዶክተር ማርጎ ፌልትነር ክፉ ሴት አይደሉም። የሮስኮን ቅጽ አነበቡት፤ ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

«በነጻ የሚቀመጥ ተማሪ ከስምንቱ አይቆጠርም» አሉ።

«ወንበር ላይ አይቀመጥም?» አለች ቨርሊን። «አይተነፍስም?»

«እንዲያውም እኔ ሰፊ ነኝ» አለ ሮስኮ። «ሁለት ወንበር ነው የምይዘው።»

ዲኗ ፈገግ አሉ፤ መልሳቸው ግን አልተለወጠም። «ባለፈው ዓመት ለታሪክ ትምህርት አራት አዛውንት ተመዝግበው ክፍሉን አስከፈቱኝ። በሦስተኛው ሳምንት አንዳቸውም አልነበሩም። ለባዶ ክፍል አስተማሪ ቀጠርኩ። ከዚያ በኋላ ነው ይሄን ያቆምኩት።»

ይህን ልክድ አልችልም። ዝርዝሩን እኔው ነበርኩ ያወጣሁላቸው።

«እኔ ግን ያለፈው ዓመት አዛውንት አይደለሁም» አለች ቨርሊን።

«አውቃለሁ። ስሚኝ፤ ኬሚስትሪውን በሚመጣው ዓመት ትወስጂዋለሽ። ስምንት ክሬዲትም ትምህርት ነው። ቀስ ብለሽ ትደርሻለሽ።»

«ቀስ ብዬማ አርባ አንድ ደርሻለሁ!»

ወደ ኮሪደሩ ወጣን። ሮስኮ የኪስ ቦርሳውን አወጣ።

«እኔ ከፍዬ ልመዝገብ?»

«አታደርጋትም!» አለች ቨርሊን። «የጡረታህን ዳቦ በልቼ ነው ሕክምና የምማረው? መልሰው ኪስህ!»

ሲጨቃጨቁ እኔ ልቤ እዚያች ሕፃን ያቀፈች ሴት ላይ ነበር። ድጎማ ለሙሉ ጊዜ ተማሪ ብቻ ነው ያለችው። በሸለቆው ሁሉም የሚያምነው ይህንኑ ነው፤ ከአያት ለልጅ የተወረሰ ነው ማለት ይቻላል። ትክክል ግን አይደለም።

«አጎቴ» አልኩት፣ «ኮሌጅ ገብተው ያውቃሉ?»

«አንዴ የማሞቂያ ከሰል ላራግፍ ገብቻለሁ።»

«የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማስ?»

«ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሎ አለ። ለምን ትጠይቀኛለህ?»

«ድጎማው የዕድሜ ገደብ የለውም። ሙሉ ጊዜ ተማሪም ሁን አይልም። አራት ክሬዲት የያዘ ከአሥራ ሁለቱ አራቱን ቁራሽ ይወስዳል። ገቢዎ የጡረታ ብቻ ነው፤ ዲግሪ የለዎትም። ነጻውን ወንበር እምቢ ብለው እንደማንም ተማሪ በፕሮግራም ከተመዘገቡ፣ ክፍያው በድጎማው ይሸፈናል። ያን ጊዜ ይቆጠራሉ።»

ቨርሊን ቀስ ብላ ወደኔ ዞረች። «ከኔ ሲሶ የሚወስደው ደንብ ለሱ ሲሶ ይሰጠዋል ነው የምትለኝ?»

«አዎ። ያው ደንብ ነው።»

«ታዲያ ትናንት ያቺ ልጅ ስትናገር የት ነበርክ?»

«እዚያው ነበርኩ።»

«ዳቦ ትገምጥ ነበር!»

እውነቷን ነው። ሦስት ዓመት መስኮቱ ጋ ተቀምጬ የተጠየቅሁትን በትክክል መልሻለሁ፤ በዚህ ማንም አይወቅሰኝም። ከበሩ ላይ የሚመለሰው ግን አይጠይቅም። ስንት ሰው እንደተመለሰ ያን ጠዋት ነው ያሰብኩት።

«አንድ ነገር ግን አለ» አልኩት ሮስኮን። «ወንበር ለማሞቅ ከሆነ ፎርሙን አልሞላልዎትም። ገንዘቡ የሕዝብ ነው። ሊማሩ ካልሆነ አይሆንም።»

ፊቱ ቀላ። «አንተ ልጅ፣ አባትህን አውቀዋለሁ፤ እሱም እንዲህ ደረቅ ነበር። በሰባ አንድ ዓመቴ የምዋሸው ለኬሚስትሪ ነው? አሥራ ሰባት ዓመት ሆኖኝ አስተማሪዬ ‹አንተ ለመኪና መሪ እንጂ ለደብተር አልተፈጠርክም› አለኝ። አመንኩት። ሄጄ ከሰል ጫንኩ። ልክ ይሁን ስህተት አላውቅም። ማወቅ እፈልጋለሁ። ሙላው።»

ከሰዓት በኋላ መስኮቱን ትቼ ከጎኔ አስቀመጥኩትና ፎርሙን ኮምፒውተር ላይ ከፈትን። ቨርሊን ከኋላችን ቆማለች።

«ያገቡ ናቸው?»

«ባለቤቴ ሞታለች። መቆጣቷን ግን አልተወችም።»

«ከወላጆችዎ ኮሌጅ የጨረሰ አለ?»

«አባቴ ሲፈርም መስቀል ነበር የሚያደርገው። ‹የለም› በለው።»

«የትኛው ፕሮግራም ልበል?»

«የሷን።»

«የኔን?» አለች ቨርሊን። «በዓመት አሥር ሰው ብቻ ነው የሚቀበሉት! ወንበሬን ልትቀማኝ ነው?»

«ካሸነፍኩሽ ወንበሩ መጀመሪያም ያንቺ አልነበረም።»

ጭልፋ ባለመያዟ እድለኛ ነው።

ውጤቱ ሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ መጣ። ሮስኮ ታኬት ድጎማ ይገባዋል። ምዝገባውን ጨርሼ ወረቀቱን ይዤ ወደ ዲኗ ቢሮ ስደርስ፣ ቨርሊንና ሮስኮ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ዲኗ ወረቀቱን ሁለቴ አነበቡት።

«ይሄ ብልጠት ነው፣ ኢላይ» አሉኝ።

«ደንቡ ነው፣ ዶክተር። ተቸግሯል፣ ዲግሪ የለውም፣ በፕሮግራም ተመዝግቧል። ሌላ የሚጠየቅ የለም።»

«ከዚህ በፊት እንዲህ ስታደርግ አላየሁህም።»

«ማድረግ ነበረብኝ» አልኩ። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ጮኸ።

ወደ ሮስኮ ዞሩ። «አቶ ታኬት፣ በአክብሮት ነው የምጠይቅዎት፤ በዚህ ዕድሜ ምን ሊሆኑ ነው?»

«አሥራ ስምንት ዓመት ሆኗቸው ለሚመጡት ይሄን ይጠይቋቸዋል?» አለች ቨርሊን እሱ ሳይመልስ። «እነሱም አያውቁትም እኮ። እሱ ቢያንስ ለምን እንደመጣ ያውቃል።»

ዲኗ ወደ ኮምፒውተራቸው ዞረው ጥቂት ቁልፎች ነኩ።

«እሺ። ስምንት። ግን የቆጠራው ቀን በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ መሆኑን ኢላይ ይነግራችኋል። እስከዚያ አንድ ሰው ከወጣ እዘጋዋለሁ። ያን ጊዜ በሬን አታንኳኩ።»

የቆጠራ ቀን ማለት የተማሪው ሁሉ ክሬዲት እንዳለ የሚቆለፍበት ቀን ነው። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ቁጥር የሴሚስተሩን ድጎማ ይወስናል። ከዚያ ወዲያ ክፍል አይዘጋም፣ የተቆረጠው ዳቦም አይቀጠልም።

«አይወጣም» አለች ቨርሊን።

«እንዴት ታውቂያለሽ?» አሉ ዲኗ።

«ስለማልፈቅድለት።»

አልፈቀደችም። የጎማ ጥገና ቤት የሚሠራው ኮልት መኪናው ሲበላሽ፣ አርባ ደቂቃ ነድታ እየወሰደች መለሰችው፤ መንገዱን ሙሉ የንጥረ ነገሮችን ምልክት እያስደገመች ነው አሉ። አንዷ ተማሪ ልጇን የሚጠብቅላት ስታጣ፣ ቨርሊን ዱዌን ዘንድ ደወለች። «‹እኔ አለሁ› ብለህ አልነበር? ና ልጅ ያዝ» አለችው። መጣ። ረቡዕ ዕለት በላቦራቶሪው መስኮት ሳይ ስምንቱም ነጭ ጋወን ለብሰዋል። የሮስኮ ጋወን ሆዱ ላይ አልዘጋ ብሎ በኮልት ቀበቶ ታስሯል።

ዓርብ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን ሮስኮ ብቻውን መስኮቴ ጋ መጣ። ኮፍያውን አውልቋል።

«የመውጫ ፎርም ስጠኝ» አለኝ።

«ምን ሆኑ?»

ወረቀት ገፋልኝ። የመጀመሪያው ፈተና ነው። ከመቶ ሠላሳ አንድ።

«አየህ?» አለ። «ሰውየው ልክ ነበር። ማወቅ ፈልጌ ነበር፤ አወቅሁ። አንተው ነህ ወንበር ለማሞቅ አይሆንም ያልከኝ።»

ያን ጊዜ ፎርም አልቋል ማለት እችል ነበር። ሰዓቱን አየሁ፤ አንድ ሰዓት ቀርቷል። ቨርሊንን አሰብኩ። ነገር ግን ሰው በገዛ ፈቃዱ የገባበትን በገዛ ፈቃዱ መተው መብቱ ነው፤ ይህን ቀን እየመረጥኩ ልቀይረው አልችልም። ፎርሙን ሰጠሁት።

«መብትዎ ነው» አልኩት። «ግን አንድ ፈተና ነው፣ አጎቴ። ገና አሥራ ሦስት ሳምንት አለ።»

እስክሪብቶ አነሳ። ስሙን ጽፎ እንደጨረሰ በሩ ተከፈተና ቨርሊን ከነሥራ ልብሷ ገባች። ቁጥሩ ሲቆለፍ ቆሜ ማየት እፈልጋለሁ ብላኝ ነበር። በመጀመሪያ ፎርሙን አየች፤ ከዚያ የፈተናውን ወረቀት። ትጮሃለች ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኸችም። ከቦርሳዋ የራሷን አውጥታ ከሱ አጠገብ አስቀመጠችው።

ሠላሳ ስምንት።

«በሰባት በለጥኩህ» አለችው። «ካሸነፍኩሽ ያለው ማን ነበር?»

«አንቺም ወድቀሻል እኮ።»

«ወድቄያለሁ። እና? ትናንት ሙሉ ቀን አንሶላ ሳጣጥፍ ሳለቅስ ዋልኩ። ዛሬ ጠዋት ሄጄ አስተማሪውን የት ጋ እንደተሳሳትኩ ጠየቅሁት። አንተ ጠየቅኸው?»

ሮስኮ ኮፍያውን መልሶ አደረገ።

«አልጠየቅኸውም። ድሮም አልጠየቅኸውም። አንዱ ተነስቶ አትችልም አለህ፣ ተነስተህ ሄድክ። አሁንም ልትሄድ ከሆነ ሂድ፤ ስለኔ ብለህ ግን እንዳትቀር። እኔ ክፍሉ ቢዘጋ ሌላ መንገድ እፈልጋለሁ፤ አልሞትም። አንተ ግን ሠላሳ አንድህን ይዘህ ነው የምትቀረው።»

ክፍሉ ቢዘጋ ምን እንደሚሆን ከኔ በላይ ታውቀዋለች፤ ሌላ መንገድም የላትም።

ሮስኮ ፎርሙን ለረጅም ጊዜ አየው። አሥር ተኩል ሆነ። ከኋላቸው ሁለት ተማሪዎች ተሰልፈዋል፤ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አራተኛው ጥያቄ» አለ ሮስኮ በመጨረሻ። «የሚነደው ጋዝ። እሳት ዕድሜዬን ሙሉ ሳጠፋ ኖሬ እዚህ ወረቀት ላይ ማንደድ አቃተኝ። በቀመሩ በግራ ያለው ኦክስጅን በቀኝ ካለው ጋር አልገጥም አለኝ።»

«ውሃው ውስጥ ያለውን ረስተኸው ነው። እኔም ረስቼዋለሁ። ወዲህ በል።»

ቨርሊን የመውጫውን ፎርም ገለበጠችና ጀርባው ላይ መጻፍ ጀመረች። ሁለቱም የመስኮቴን ደፍ ተደገፉ። ተሰላፊዎቹን በጎን በኩል አስተናገድኳቸው። ሮስኮ ሁለቴ ተሳሳተ፤ ሁለቴም ሰደበችው። በሦስተኛው ላይ እሷ ተሳሳተችና ተራውን ሰደባት።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሞላ ኮምፒውተሩ ቁጥሩን ቆለፈ። የኬሚስትሪውን ዝርዝር ከፈትኩ፤ ስምንት ስም። ከዚያ የቨርሊንን ገጽ።

«ቨርሊን» አልኳት፣ «አሥራ ሁለት። ሙሉ።»

ቀና አላለችም። እጇን ብቻ ወደኔ ዘረጋች፤ «ቆይ» እንደማለት።

«አሁን ኦክስጅኑን ቁጠር» አለችው። «በጣትህ አይደለም፣ አንተ ሽማግሌ። በእርሳስ።»